ልጆችን በቤት ውስጥ በእርጋታ ማስተማር

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎችም ቤት ዋሉ። ብዙዎቻችን ሳናስበውና ሳንዘጋጅበት የገዛ ልጆቻችን መምህራን ሆንን። ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ደረጃ በደረጃ እስኪከፈቱ ድረስ በቴሌግራም የሚላክ ወርክሺት፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት፣ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ የሞባይል ካርድና የሚያለቅስ ልጅ የየዕለት ኑሯችን ነበር።

እኔም ቃሊቲ ባለው ባለ አንድ መኝታ የኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ የራሴን «ትምህርት ቤት» ከፈትሁ። ሰባት የትምህርት ዓይነት ያለበት የጊዜ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ 40 ደቂቃ ትምህርት፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና 40 ደቂቃ። በሁለተኛው ሳምንት የ2ኛ ክፍል ልጄ እርሳሱን አስቀመጠና «እማዬ፣ ሚስ እንኳ እንዲህ አትጮህም» አለኝ። ሰሌዳውን ያወረድሁት በዚያው ዕለት ማታ ነው። ይህን የምጽፍላችሁም ከዚያ በኋላ ተሳስቼ ከተማርሁትና በአካባቢያችን ካሉ ቤተሰቦች ካየሁት ተነሥቼ ነው።

በእኛ አገር «የቤት ትምህርት» ምንድን ነው?

በአሜሪካ ልጅን ሙሉ በሙሉ በቤት ማስተማር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሁሉም ግዛቶች የተፈቀደ ነው። በጀርመን ደግሞ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ክልክል ነው። በእኛ አገር ይህን የሚያደርጉ ቤተሰቦች እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ፦ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት ለማስወጣት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ወደ ወረዳችሁ ወይም ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ልጆች ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ፈተና የሚመዘገቡት በትምህርት ቤታቸው በኩል ስለሆነ፣ የትምህርት ማስረጃ የሌለው ልጅ በኋላ መቸገሩ አይቀርም።

እኔ ግን በይበልጥ የማስበው ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት እየላኩ፣ ማታ ማታና ክረምቱን በሙሉ ቤታቸው ሌላ ትምህርት ቤት ስለሆነባቸው ወላጆች ነው። ልጁ 10 ሰዓት ላይ ከሰርቪስ ይወርዳል፤ መክሰሱን ሳይጨርስ አስጠኚው ይመጣል፤ አስጠኚው ሲወጣ የቤት ሥራው ይጀመራል፤ እራት ላይ «ባለፈው ፈተና ስንተኛ ወጣህ?» ይባላል። ይህም እንግዲህ የቤት ትምህርት ነው። ዕረፍት የሌለበት የቤት ትምህርት።

ቤትን የትምህርት ስፍራ ማድረግ ለእኛ ለወንጌል አማኞች አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ አምልኮውም ትምህርቱም ወደ ሳሎናችን ገባ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ምእመናንዋ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ወጡ። ያ ሁሉ ሰው የተማረው በትንንሽ ቡድን ተከፋፍሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ሆኖ፣ ቡና እየተፈላ ነው። በዚያ ዘመን ልጅ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ማንም ጥቁር ሰሌዳ አልነበረውም።

ድካሙ የሚመጣው ከፍርሃት ነው

ወላጆች ክፉ ሆነን አይደለም ልጆቻችንን የምናስጨንቀው። ፈርተን ነው። ፍርሃቱም ምክንያት አለው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱም 3.2 በመቶ ሆነ። ይህን የሰማች እናት የ1ኛ ክፍል ልጇን ሌሊት ብታስጠና ማን ይፈርድባታል?

ነገር ግን ችግሩ የት እንደሚጀምር እንይ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በስድስት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እንግዲህ ሕንፃው የተሰነጠቀው ከመሠረቱ ነው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሳይንስም፣ ታሪክም፣ የሒሳብ ጥያቄም ሁሉ ያው ጨለማ ይሆንበታል። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ሰባት ትምህርት ከምትደግሙ ይልቅ ማንበብን ብቻ በደንብ ብትይዙለት የበለጠ ትረዱታላችሁ። ሌላውን ለመምህሩ ተዉለት።

ለነገሩ «ስኩል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣው «ስኮሌ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው፤ የመጀመሪያ ትርጉሙም ዕረፍት፣ ከሥራ ነፃ የሆነ ጊዜ ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን በጢራኖስ ትምህርት ቤት በየቀኑ ያስተምር እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ 19፥9 ላይ የምናነበው ይኸው ቃል ነው። አንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች እንዲያውም ከአምስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ያስተምር ነበር ብለው ይጨምራሉ። የዚያ ዘመን ሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው ከንጋት የሚጀምር ስለሆነ፣ ፀሐይ በርትታ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ በሚያርፍበት ጊዜ ማለታቸው ነው። ሰዎቹ ሊማሩ የመጡት በዕረፍታቸው ሰዓት ነበር ማለት ነው።

አጭር ይሁን

ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) የምትባል እንግሊዛዊት አስተማሪ ስለ ቤት ትምህርት ብዙ የጻፈች ሴት ናት። ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አንድ ትምህርት ከ20 ደቂቃ እንዳይበልጥ ትመክር ነበር፤ ከስድስት ዓመት በፊት ደግሞ መደበኛ ትምህርት እንዳይጀመር። ስታስተምርም ታሪኩ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል፤ ከዚያ ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል። ጥያቄ የለም፣ ባዶ ቦታ ሙላ የለም።

ይህን ሳነብ የሳቅሁት አያቴ ትዝ ብላኝ ነው። የአለቃ ገብረ ሃናን ቀልድ ነግራን ስታበቃ «በል አንተ ደግሞ ንገረኝ» ትል ነበር። እኛ ባህላችን ውስጥ ያለውን ነገር ትተን ወርክሺት ፍለጋ ሄድን።

እንግዲህ ለትንሽ ልጅ 15 ደቂቃ ንባብ፣ 15 ደቂቃ ሒሳብ ይበቃል። «ይህ ብቻ?» ትሉ ይሆናል። በ60 ልጆች ክፍል ውስጥ ልጃችሁ ተራ ደርሶት ጮክ ብሎ የሚያነብበትን ደቂቃ ቁጠሩት። በቤት 15ቱም ደቂቃ የእርሱ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ፣ ልጁ ገና ደስ እያለው ቢሆንም እንኳ፣ አቁሙ። ነገ በጉጉት ይመጣላችኋል። በዘጸአት 16 እስራኤላውያን መናውን የየዕለቱን ብቻ እንዲለቅሙ ታዝዘው ነበር፤ ለነገ ብለው ያስቀሩት ተላ። የልጅ ትምህርትም እንዲሁ ይመስለኛል። የነገውን ዛሬ ልናጎርሰው ስንሞክር ይተላብናል።

ፊደልን ለምሳሌ እንውሰድ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት እርባታ 231 ናቸው። ይህን ገበታ በአንድ ጊዜ ልጅ ፊት ብትዘረጉ ይደነግጣል። በቀን አንድ ረድፍ ብቻ፣ ማለትም ሰባት ፊደል፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትሄዱ ግን ከሰባት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ታልቃላችሁ። ክረምቱ ከዚያ ይረዝማል። ልጁ ካዕቡ ወደ ቀኝ እንደሚቀጠል፣ ሣልሱ ከግርጌው እንደሚታጠፍ ከጥቂት ረድፍ በኋላ ራሱ ይደርስበታል፤ አፈንጋጮቹን ብቻ ታሳዩታላችሁ። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። በጽሑፋችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው አይለይም፤ «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው? «ዋና» የወንዙ ነው ወይስ ዋነኛው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ኖረ? ልጅ ይህን የሚለየው ሲነበብለት ብዙ ከሰማ ብቻ ነው። ስለዚህ ራሱ ማንበብ ከቻለ በኋላም ጮክ ብላችሁ ማንበባችሁን አትተዉ። በቤታችሁ አፋን ኦሮሞ የምትናገሩም እንዲሁ በቋንቋችሁ አንብቡላቸው፤ ሁለት ቋንቋ ልጁን አያደናግረውም፤ የሚያደናግረው አንዱንም በወጉ ሳይሰማ መቅረቱ ነው።

የአቃቂ ቃሊቲ ኑሮና የጊዜ ሰሌዳው

በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ የምናየው የቤት ትምህርት ሰፊ ሳሎን፣ ጓሮና የመጻሕፍት መደርደሪያ አለው። የእኛ ሰፈር ይህን አይመስልም። ከሳሪስ አቦ እስከ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም እስከ አቃቂና ቱሉ ዲምቱ ድረስ ተሳቢ መኪና ሌሊትና ቀን ያልፋል። ፋብሪካው ያጉረመርማል። መብራት ይጠፋል፤ ውኃም በፈረቃ ነው። (ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ ከተማውን ሲያጠጣ እኛ ጀሪካን ይዘን መሰለፋችን ይገርመኛል፤ ይህም ቢሆን ለልጆች ጥሩ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው።)

ከሁሉ የሚከብደው የሥራ ፈረቃ ነው። አባት በዚህ ሳምንት የጠዋት፣ በሚቀጥለው የማታ፣ ከዚያ የሌሊት ተረኛ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የገባ ሰው ቀን መተኛት አለበት፤ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ደግሞ ልጅ «ሀ ሁ ሂ» ሲል እንቅልፍ የለም። በሰዓት የተሠራ ሰሌዳ እንዲህ ባለ ቤት አንድ ሳምንት አይቆይም፤ ሲፈርስም እናት ያጠፋች ይመስላታል።

ስለዚህ ትምህርቱን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከምግብ ጋር አያይዙት። ከቁርስ በኋላ ንባብ፤ ከምሳ በፊት ሒሳብ። ቁርስ በ1 ሰዓትም ይሁን በ4 ሰዓት፣ ንባቡ ይከተለዋል። አባት ተኝቶ ከሆነ ንባቡ ከደረጃው ላይ ወይም ግቢው ውስጥ ካለው ጥላ ሥር ይሆናል። ዘዳግም 6፥7ም ቃሉን በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ለልጆች እንዲያስተምሩ ሲያዝ ከኑሮ እንቅስቃሴ ጋር እንጂ ከሰዓት ጋር አላሰረውም።

ደብተሩን፣ እርሳሱንና መጽሐፉን ሁሉ በአንድ ካርቶን አድርጉት። ሲጀመር ካርቶኑ ይወጣል፤ ሲያልቅ ተመልሶ አልጋ ሥር ይገባል። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን የምኖርበት ክፍል እንደገና ቤት የሚሆነው ካርቶኑ ሲገባ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ ግን እራት ስትበሉም ያፈጥጥባችኋል። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሻማ ለማስጠናት አትታገሉ። ተረት ንገሯቸው፣ ዘምሩ፣ አስተኟቸው። የተኛ ልጅ ነገ ያነባል።

ቡናችሁን ደግሞ አስቡበት። ያለ ቡና የምትውሉ ቤቶች ብዙ አትመስሉኝም። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ማንም አይቸኩልም፤ በቤታችን ውስጥ ይህን ያህል ሰው በአንድ ቦታ ተረጋግቶ የሚቀመጥበት ሌላ ሰዓት የለም። አንዲት የሰፈራችን እናት አቦሉ እስኪደርስ ለልጆችዋ ታነብላቸዋለች፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ ልጆቹ የሰሙትን መልሰው ይናገራሉ፤ በረካ ላይ እንደ ልብ ወሬ ነው። ጎረቤት ከመጣም ተቀምጦ ይሰማል። ይህን ያህል ቀላል ነው፤ እኔ ግን ዓመት ሙሉ ቡናውን «ከትምህርት በኋላ» ስል ነበር። (የዕጣኑን ነገር ለየአጥቢያችሁ ልማድ ትቼዋለሁ።)

ሒሳብም ከበራችሁ ላይ አለ። ከኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ቆማችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ተሳቢ እንደሚያልፍ ቁጠሩ፤ በሰዓት ስንት ይሆናል? ጎማውስ? በአቃቂ በኩል የሚያልፈው አሮጌው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባቡሩን ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያደረሰው ነው፤ በአጠገቡ እየሄዳችሁ ታሪክ ልትነግሩ ትችላላችሁ። ከአቃቂ በስተ ደቡብ ያለው የአባ ሳሙኤል ኃይቅ የአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ነው። ከጥቅምት በኋላ ባለው በጋ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በዚያ ረግረግ ይሰፍራሉ፤ ልጆቹን ዳር ቆመው ወፎቹን እንዲቆጥሩ አድርጓቸው። ወደ ወንዙ ግን አታስጠጓቸው፤ ከፋብሪካና ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ ምን እንዳደረገው ሽታው ራሱ ይነግራችኋል። ልጆች ለምን እንዲህ ሆነ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጥያቄው ደግሞ ከማንኛውም ወርክሺት ይበልጣል።

ስለ እኛ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች

እዚህ ላይ የማይመች ነገር ልናገር ነው፤ ታገሡኝ። ልጆቻችንን የሚያደክማቸው ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ማክሰኞ የቤት ለቤት ኅብረት፣ ረቡዕ ጸሎት፣ ዓርብ የአዳር ፕሮግራም፣ ቅዳሜ የልጆች መዘምራን ልምምድ፣ እሑድ ከጠዋት እስከ 7 ሰዓት። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን ሰንበት የተሰጠው ሰው እንዲያርፍ ነው፤ እኛ እሑድ ማታ ከሁሉ ቀን ይልቅ ደክመን እንገባለን፤ ያላለቀው የቤት ሥራም በዚያ ድካም ላይ ይወጣል። በቤታችን የወሰንነው ይህን ነው፦ የቤት ሥራ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ያልቃል፤ እሑድ ደብተር አይገለጥም። ከሳምንቱ ፕሮግራም አንዱን ደግሞ ተውን። መጀመሪያ ተወቅሰናል። አገልጋዮቻችን ግን ስንነግራቸው ተረዱን።

የአባቶችም ነገር አለ። በብዙ ቤት ልጅ ማስጠናት የእናት ሥራ ነው፤ እርስዋ ደግሞ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ብዙ ጊዜም ደሞዝተኛ ናት። የደከመች እናት በእርጋታ ልታስተምር አትችልም፤ ይህ የመንፈሳዊነት ጉድለት ሳይሆን የእንቅልፍ ጉድለት ነው። አባት በሳምንት ሁለት ቀን ካርቶኑን ይረከብ። የተማረ መሆን አያስፈልገውም። አንድ ወንድም ራሱ ከ4ኛ ክፍል ያቋረጠ ነው፤ ልጁ እንድታነብለት ይጠይቃታል፤ እርስዋም አባትዋን እያስተማረች ስለሚመስላት አንድ ቀን አታስቀርም።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ጊዜ አለ። ሁለታችሁም ከንጋት እስከ ማታ የምትሠሩ ከሆነ 15 ደቂቃዋ እሑድን ሳትጨምር በሳምንት ሦስት ቀን ትሁን፤ አትጸጸቱ። የቤት ሥራው ከልጁ አቅም በላይ ከሆነ ሌሊት ከልጁ ጋር ከምትጣሉ መምህሩን ወይም መምህርቷን በአካል ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ በቴሌግራም ግሩፕ ሳይሆን ፊት ለፊት። አብዛኞቹ መምህራን «ግማሹን ሠርቶ ይምጣ» ለማለት ፈቃደኞች ናቸው፤ እነርሱም ወላጅ የሚፈልገው ብዙ የቤት ሥራ እየመሰላቸው ነው የሚያበዙት። ልጁ በብዙ ጥረት ፊደል የማይለይ፣ የማይሰማ ወይም የማያይ መስሎ ከታያችሁ ደግሞ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትቅጡት፤ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ሙሉ በሙሉ በቤት የምታስተምሩም ልጁን ከእኩዮቹ አትለዩት፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ የሚጫወትበት ሰዓት እንደ ሒሳቡ ሁሉ የተጠበቀ ይሁን።

ያ «ሚስ እንኳ እንዲህ አትጮህም» ያለኝ ልጄ አሁን አድጓል። ትናንት በረካ ላይ ታናሽ እኅቱን አጠገቡ አስቀምጦ ያነብላት ነበር። «ገና»ን አላልታ ስታነበው «አይደለም፣ በዓሉ ነው» አላት፤ ድምፁን ሳያነሣ። ውጭ ተሳቢው እያለፈ መስኮቱ ይርገበገባል። እርስዋም ደግማ አነበበችው፤ ካርቶኑ አልጋ ሥር ነበር።